«ካምቢዮው ይውረድ» ለተባላችሁ፦ ጠባሴ ያለው ታፔላ የሌለው ጋራዥ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር፣ ከአስፓልቱ ገባ ብሎ ታፔላ የሌለው አንድ ጋራዥ አለ። የቆርቆሮ አጥር፣ ሰማያዊ በር፣ ግቢው ውስጥ ሞተሩ የወጣ አሮጌ ላንድ ክሩዘር። ባለቤቱ «ስሜን እንዳትጽፊ፣ ያለውንም ሥራ አልቻልኩት» ስላሉኝ አልጽፍም። «አውቶማቲክ የሚሠሩት ሽማግሌ» ብላችሁ ብትጠይቁ ባለባጃጆቹ በር ድረስ ያደርሷችኋል። እኔ እዚያ 2,500 ብር ከፍዬ ወጥቻለሁ። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ የተጠየቅሁት 310,000 ብር ነበር። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

የሽንኩርት ነጋዴ ነኝ። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን፣ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ሳምንት ሁለት ሦስቴ እመላለሳለሁ። አገሩን ለማያውቅ 95 ኪሎ ሜትር ቀላል ይመስለዋል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ መሃል መንገድ ላይ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከደብረ ሲና ተነስቶ በጣልያን ጊዜ እስከተቆፈረው ዋሻ ድረስ ያለው ዳገት ላይ ነው ደካማ መኪና ኃጢአቷን የምትናዘዘው።

መኪናዬ ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመለስ ያስመጣት የ2001 ስሪት ቶዮታ ታኮማ ናት። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3.4 ሊትር፣ ቤንዚን፣ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ። ሾፌሮች «የፍሪሲዮን ፔዳል የሌላት ፒክአፕ ደግሞ ምን ትሠራለች?» እያሉ ሲስቁብኝ ነው የኖሩት። የግራ ጉልበቴ ሕመምተኛ ስለሆነ ለእኔ በረከት ናት፤ እነሱ ይሳቁ።

በሽታው የጀመራት በየካቲት ነው። ጠዋት ቀዝቅዛ ስትነሳ ምንም አይታይባትም። ሜዳው ላይም ደህና ነች። ጭነት ይዛ፣ ሞቅ ብሏት፣ አርማንያ ከተማን አልፋ ዳገቱን ስትይዝ ግን ከአንደኛ ማርሽ ዘልላ አራተኛ ትገባለች። ሁለተኛና ሦስተኛ የሉም። የሞተሩ ዙር ወርዶ መኪናዋ ትተኛና መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። ነዳጅ ስረግጥላት አንደኛ ላይ ትመለስና እንደ ወፍጮ ትጮኻለች። አራተኛ፣ አንደኛ፣ አራተኛ፣ አንደኛ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሲኖትራክ ጥሩምባውን አይለቅም። ሰንበት ስትል ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫው የሞተር መብራት በራ።

መጀመሪያ እዚያው ሸዋ ሮቢት ለሚያውቀኝ መካኒክ ሰጠኋት፤ የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ዘይት ቀየረልኝ፣ ምንም አልተለወጠም። ሁለተኛ አዲስ አበባ ወሰድኳት። ወለሉ በሴራሚክ የተነጠፈ፣ ቡና የሚቀርብበት ትልቅ ጋራዥ ነው። ልጁ ኮምፒውተሩን ሰክቶ «ፒ0758» የሚል ኮድ አወጣና አትሞ ሰጠኝ። የሁለተኛው ሶሌኖይድ መስመር ችግር ማለት ነው። ሶሌኖይድ ማለት ካምቢዮው ውስጥ የተቀመጠ፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ የዘይት በር ነው። ከዚያ አለቅየው መጣና ወረቀቱን አይቶ፣ መኪናዋን ሳያይ፣ «ውስጡ ሄዷል። ካምቢዮው ይውረድ፣ ያገለገለ እናስገባልሻለን» አለኝ። ከነመግጠሚያው 310,000 ብር። አንድም ሰው ነድቶ አልሞከራትም። ኮፈኑን የከፈተም አልነበረም። መቼ እንደሚያደርጋት የጠየቀኝ የለም። ባለቤቴን አማክሬ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። (ባል የለኝም። ከጋራዥ ለመውጣት ግን ጥሩ ሰበብ ነው።)

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ከመሪው ሥር የሚሰካ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል የኮድ ማንበቢያ በሰው ላከልኝ። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ትገናኛለች። ያው ኮድ ወጣ። ዕቃዋን ግዙ ብዬ እመክራለሁ፤ ቢያንስ ሰው ሲዋሽባችሁ ታውቃላችሁ። ስለ እሷ ያለኝን ቅሬታ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ሰሙነ ሕማማት ደረሰ። በዚያ ሳምንት የሽንኩርት ዋጋ የት እንደሚደርስ ዶሮ ወጥ ሠርታ የምታውቅ ሁሉ ታውቃለች፤ ቤት መዋል አይታሰብም። ረቡዕ ዕለት ስምንት ኩንታል ጭኜ ወጣሁ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የምትሸጥልኝ ደንበኛዬ ጋ ቆሜ ሞተሩን ሳሳርፍ፣ «ዛሬስ አትወጪውም» አለችኝ። ወጣሁት፤ ግን እንዴት! ማንሻውን «ኤል» ላይ አድርጌ፣ አንደኛ ማርሽ ላይ ቆልፌ፣ ከእግረኛ ትንሽ በሚሻል ፍጥነት። ዋሻው አፍ ላይ ጉሙ ወርዶ፣ ጭላዳዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው እያዩኝ አለፍኩ። ደብረ ብርሃን ስገባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ሽንኩርቱን የምትረከበኝ እትዬ ናት ወደ ጠባሴ የላከችኝ።

በማግሥቱ፣ ጸሎተ ሐሙስ፣ በማለዳ ደረስኩ። የደብረ ብርሃንን የማለዳ ብርድ ለምታውቁ ምንም አልልም፤ ለማታውቁ፣ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጠለያ የለውም።

ጋሼ ስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ቀጭን፣ የሱፍ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ናቸው። አውቶማቲክ ያወቁት አሰብ ሲሠሩ እንደሆነ ነገሩኝ። የመኪናዋን ቁልፍ ሳይቀበሉኝ አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጡኝና የተማሪ ደብተር አወጡ። ስትቀዘቅዝ ነው ስትሞቅ? ዳገት ላይ ነው ሜዳ? ባዶዋን ሆና አድርጋው ታውቃለች? ስትዘልል ትመታለች ወይስ ትንሸራተታለች? ወደ ኋላ ማርሽስ? ሰሞኑን ማን ነክቷት ነበር፣ ምን ለመሥራት? የመጨረሻውን ጥያቄ «ማንም» ብዬ መለስኩ። ስህተት ነበር።

የታተመውን ኮድ ስሰጣቸው መነጽራቸውን አድርገው አዩትና፣ «ይኼ ሰፈሩን ነው የነገረሽ ልጄ። ቤቱን እኛ ነን የምንፈልገው» አሉ። የመሣሪያዋም ቅሬታዬ ይኸው ነው። ኮዱ የታመመው መስመር የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ሶሌኖይዱ ይሁን፣ ገመዱ ይሁን፣ መሰኪያው ይሁን አይናገርም።

መጀመሪያ ዘይቱን አዩ። ሞተሩ እየሠራ፣ ሞቆ፣ ማንሻውን በየቦታው ቀስ እያልኩ እንዳዞር አድርገውኝ ፓርክ ላይ ከመለስኩት በኋላ መለኪያውን አወጡና ነጭ ሶፍት ላይ ጠረጉት። ሞተር አጥፍቶ የሚለካ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ነው የሚያገኘው፤ የሸዋ ሮቢቱ ልጅ እንደዚያ ነበር ያደረገው። ሶፍቱን አሸተቱ፣ እኔንም አስሸተቱኝ። ቀይ ነው፣ ምንም አይሸትም። ጠቁሮ ምጣድ ላይ የተረሳ እንጀራ ከሸተተ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች ተቃጥለዋል ማለት ነው፤ ያኔ ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም። ማኪያቶ ከመሰለ ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ተቀዶ ውሃ እየገባ ነው። ዘይት መቀየሩን ስነግራቸው ሳቁ። ከሥር ተፈትቶ የሚፈሰው ጥቂቱ ብቻ ነው፣ አብዛኛው ቶርክ ኮንቨርተሩና (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ዘይት የሞላበት ዕቃ) ማቀዝቀዣው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ያ ልጅ «ቀየርኩ» ያለው ዘይት ባብዛኛው ያው የድሮው ነው።

ሁለተኛው ሙከራ በስልክ ሰዓት ነበር። ፍሬን አጥብቄ ረግጬ ከኒውትራል ወደ «ዲ» (ወደ ፊት መንጃው) ሳስገባ፣ መኪናዋ «ድም» ብላ እስክትይዝ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ለዚህ ካምቢዮ ከ1.2 ሰከንድ ማነስ አለበት፤ ወደ ኋላ ማርሽ ከ1.5። በአንድ አንድ ደቂቃ ልዩነት ሦስት ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ደብተራቸው ላይ ጻፉ፦ 0.8 እና 1.1። ቢዘገይ ኖሮ ወይ የዘይት ግፊት አንሷል፣ ወይ ሸራው አልቋል።

ከዚያ ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የሚሄደውን ካቮ (የብረት ገመድ) አዩ። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጬ ስይዝ፣ ካቮው ጫፍ ላይ ያለችው ማቆሚያ ከሽፋኑ ጫፍ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ መራቅ የለባትም። ከላላ ካምቢዮው ቶሎ ቶሎ ይቀይርና እየተንሸራተተ ራሱን ያቃጥላል፤ ከጠበቀ ዘግይቶ እየመታ ይቀይራል። የእኔዋ ልክ ናት።

አሁን ነው ዋናው የመጣው። መኪናዋ ሥር ገብተው የካምቢዮውን የኤሌክትሪክ መሰኪያ ነቀሉትና ወጥተው፣ «በይ ንጂ» አሉኝ።

«ያለ ኤሌክትሪክ?»

«ያለ ኤሌክትሪክ። በእጅሽ ነው የምትቀይሪው።»

ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ኤሌክትሪክ ሲጠፋበት ይህ ካምቢዮ ሙት አይሆንም፤ ማንሻው «ኤል» ላይ አንደኛን፣ «2» ላይ ሦስተኛን፣ «ዲ» ላይ አራተኛን ይሰጣል። ኤል ላይ ተነሳሁ፣ ያዘች። ወደ 2 አሳለፍኳት፣ ያዘች። ዲ ላይ አደረግኳት፣ ያዘች። ሳትንሸራተት፣ ዙሩ ባዶውን ሳይወጣ። ወደ ኋላም ሄደች፤ ፓርክ ላይም ቆለፈች። ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ «በይ እንግዲህ፣ ውስጡ ሄዷል ያለሽ ሰው ምኑን አይቶ ነው?» አሉ። ወዲያው ግን ጣታቸውን አነሱ፦ «ሁለተኛ ማርሽን ይኼ ሙከራ አያሳይም። እሱን ገና አልማልኩልሽም።» እኔን የገዛኝ ይህች ንግግር ናት። የሚያውቀውን ብቻ የሚናገር መካኒክ ስንት አጋጥሟችኋል?

ስንመለስ ባለቤታቸው ጉልባን ይዘው መጡ። ጋሼ ከሳህኑ ሁለት ባቄላ አንስተው ኮፈኑ ላይ አስቀመጡና አስተማሩኝ። ማርሽ የሚያስቀይሩት ሶሌኖይዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ብቻ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ፣ አንደኛ ማርሽ። ሁለቱም ሲያገኙ፣ ሁለተኛ። ሁለተኛው ብቻ ሲያገኝ፣ ሦስተኛ። ሁለቱም ሲያጡ፣ አራተኛ። ከዚያ አንዱን ባቄላ አንስተው በሉት። «አሁን የቀረሽ አንድ ነው። ስንት ማርሽ አለሽ?» ቆጠርኩ። ባቄላው ካለ አንደኛ፣ ከሌለ አራተኛ። ሌላ የለም። ከየካቲት ጀምሮ ዳገቱ ላይ ያሰቃየችኝ ነገር ኮፈኑ ላይ ቁጭ ብላ አየኋት። ግንባሬን መታሁ።

የቀረው የሁለተኛው ባቄላ ኤሌክትሪክ የት እንደሚጠፋ ማወቅ ነው። በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ካምቢዮው ጋ ካለው መሰኪያ ላይ ሶሌኖይዶቹን ለኩ። ከ11 እስከ 15 ኦም መሆን አለባቸው። አንዱ 13፣ ሌላው 13.2። ደህና ናቸው። ስለዚህ ካምቢዮው ውስጥ የሞተ ሶሌኖይድ የለም፤ የ310,000 ብሩ ጥያቄ እዚህች ላይ ነው ውድቅ የሆነው። መሰኪያውን መልሰው ያንኑ መስመር ጋቢና ውስጥ ካለው ኮምፒውተር ጫፍ ለኩት። እዚያም 13 አለ። «ቆይ» አሉና ረዳታቸውን ልጅ ከሥር ገብቶ ገመዱን በየስንዝሩ እንዲያንቀሳቅስ አዘዙት። ልጁ እየነካካ መጣ፣ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ጭስ ማውጫው ቱቦ ጋ ሲደርስ ቴስተሩ ላይ ያለው ቁጥር ጠፋ። ለቀቀው፣ 13። ሳበው፣ ጠፋ።

ገመዱ ከማሰሪያው ወጥቶ ቱቦው ላይ ተኝቷል። ላስቲኩ ቀልጦ፣ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ተበጣጥሰው ሁለት ሦስቱ ብቻ ቀርተዋል። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ክረምት ላይ የጭስ ማውጫዋን ማርሚታ አስበይጄ ነበር። በያጁ ለሥራ እንዲመቸው የገመዱን ማሰሪያ ፈትቶ ሳይመልስ ቀርቷል። «ማን ነክቷታል?» ሲሉኝ «ማንም» ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ምንም አላሉም፤ ደብተራቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ ብቻ።

ለምን ጭነት ይዛ ዳገት ላይ ብቻ? ሞተር ከባድ ሲጎትት መቀመጫ ላስቲኮቹ ላይ ትንሽ ይጠማዘዛል፣ ካምቢዮውም አብሮት። ያቺ ትንሽ መጠማዘዝ የተወጠረውን ገመድ ትስበዋለች። ሜዳ ላይ ሲላላ ሽቦዎቹ ይነካካሉ፣ መኪናዋ ትድናለች። ጋራዥ ውስጥ ቆማ ብትመረመር ዓመቱን ሙሉ ጤነኛ ነች።

ስድስት ሰዓት ሲቀርብ ጋሼ እጃቸውን ታጥበው ለሕጽበተ እግር ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ዓርብ ስቅለት ነው፣ በሩ ዝግ። ለቀዳም ስዑር ስመለስ ቄጤማ ራሳቸው ላይ አስረው መኪናዋ ሥር ተኝተው አገኘኋቸው። የተበላውን ገመድ ቆርጠው በአዲስ ቀጠሉ፣ በእርሳስ በየዱት፣ ሙቀት የሚችል ሽፋን አለበሱት፣ ከቱቦው አርቀው አሰሩት። ኮዱን በእኔው መሣሪያ አጠፋን። ከከተማው ወጥተን አብረን ሞከርናት። አንደኛ፣ ሁለተኛ። ሁለተኛን ስትይዝ ጋሼ አይናቸውን ጨፍነው በወንበሩ እየሰሙ ነበር፤ «አሁን እምላለሁ» አሉ። ፋሲካን ቤቴ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ጣርማ በርን ጭነት ይዤ ከሃያ ጊዜ በላይ ወጥቻለሁ፤ ቢጫው መብራት አልበራም።

የማይጥመኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ስልክ አያነሱም። ደረሰኝ የለም፣ ስለዚህ የድርጅት መኪና ያላችሁ ሒሳብ ማወራረጃ አታገኙም። መጸዳጃ ቤት ለመጠቀም ጎረቤት መለመን ያስፈልጋል። በዓል አያፈርሱም፤ የወሩን በዓላት ቆጥራችሁ ካልሄዳችሁ በር ቆማችሁ ትመለሳላችሁ። መኪናችሁን ሰጥታችሁ ልሂድ ብትሉም አይወዱም፣ አጠገባቸው ቆማችሁ ጥያቄ መመለስ አለባችሁ፣ ትምህርቱም አይቀርላችሁም። ለቸኮለ ሰው ይህ ቅጣት ነው።

ሁሉንም መኪናም አይቀበሉም። እኔ ሳለሁ አንድ ሰው የዘይት መለኪያ ዘንግ የሌለው አዲስ ፒክአፕ ይዞ መጣ። ዘይቱ የሚለካው በተወሰነ ሙቀት ላይ ከሥር ብሎን ተፈትቶ ነው፣ ሙቀቱንም የሚያነብ ማሽን ይፈልጋል። ጋሼ «ያ ማሽን የለኝም፣ አላበላሽብህም» ብለው ሸኙት። ሰውየው ተናደደ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ኖሮ አመሰግን ነበር፤ ምናልባት በማግሥቱ።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣቸዋለሁ። አምስተኛዋን ያስቀረባቸው ከሞተሩ ሥር ያለው መከላከያ ላሜራ ነው። ሲመልሱት ሁለት ብሎን ረስተዋል፤ ከበሬሳ ድልድይ ጀምሮ እስከ ቤቴ እንደ ጸናጽል ሲንቃጨል ነበር። ተመልሼ ስነግራቸው ከኪሳቸው ሁለቱንም ብሎኖች አውጥተው አሳዩኝና፣ «የማን እንደሆኑ ሳስብ ነበር» አሉኝ።